ደም የጠጣች የወባ ትንኝ፦ የዘረመሎቿ እንቅስቃሴ በየሰዓቱ እንዴት ይለዋወጣል? ለመስክ ሥራችንስ ምን ትርጉም አለው?

የቃሉ ሰው (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በኮምቦልቻ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የቃሉ ቀበሌዎች የወባ አስተላላፊ ትንኞችን በመሰብሰብና በመለየት ሥራ ላይ ነኝ። እንደምታውቁት ክረምቱ ወጥቶ የቦርከና ውኃ ሲጎድል በዳርና ዳሩ የሚቀሩት ኩሬዎች እጭ የሚፈላባቸው ስለሚሆኑ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ሥራ የሚበዛብን ወቅት ነው። ማለዳ ከቤት ግድግዳና ከጣሪያ ሥር በመምጠጫ የምንይዛቸው ሴት ትንኞች ሆዳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዷ ባዶ ናት፤ አንዳንዷ ትኩስ ደም ጠጥታ ሆዷ ቀልቶ ተወጥሯል፤ የሌላዋ ደም ጠቁሮ ከበስተኋላ ነጣ ያለ እንቁላል መታየት ጀምሯል፤ አንዳንዷ ደግሞ ደሙን ፈጭታ ጨርሳ ሆዷን እንቁላል ሞልቶታል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ትንኞች የፀረ-ተባይ ኬሚካልን መቋቋም አለመቋቋማቸውን ስንፈትሽ ደም የጠጡትን ለይተን እንድናስወጣ ተምረናል። ለዘረመል ምርመራ ናሙና ስንልክ ግን ባዶዋም፣ ደም የጠጣችውም፣ እንቁላል የያዘችውም በአንድ ብልቃጥ ሲገቡ አያለሁ። ደም መጠጣት በትንኟ የዘረመል እንቅስቃሴ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ምን ያህል ትልቅ ነው? በምን ያህል ፍጥነትስ ይመጣል? ናሙናን መቀላቀል ውጤቱን የሚያበላሽ ከሆነ በማስረጃ አስደግፌ ለባልደረቦቼ ማስረዳት እፈልጋለሁ።


የጦሳ ሥር (ደሴ)

የቃሉ ሰው፣ ያነሡት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነውና ሰፋ አድርጌ ብመልስ ይሻላል። በሞለኪውል ደረጃ የነፍሳት ጥናት ላይ እሠራለሁ፤ የምጽፈውም በሙያው በደንብ የተረጋገጠውን ብቻ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት አለበት። ትንኟ ደም በመጠጣቷ ዘረመሎቿ አይለወጡም፤ ዲ ኤን ኤዋ ከመጠጣቷ በፊትም በኋላም ያው ነው። የሚለዋወጠው ከየትኛው ዘረመል ምን ያህል አር ኤን ኤ (የዘረመሉ ትእዛዝ ቅጂ) እንደሚቀዳና ከዚያም ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚሠራ ነው። የአኖፊለስ ጋምቢዬ (በአፍሪካ ወባ የምታስተላልፍ የትንኝ ዝርያ) ሙሉ የዘረመል ንባብ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም 278 ሚሊዮን ያህል የዲ ኤን ኤ ፊደላትና ወደ 14,000 የሚጠጉ ዘረመሎች ተቆጥረዋል። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች ደም ከተጠጣ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎች እንቅስቃሴያቸው ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ታይቷል። ስለዚህ ለጥያቄዎ የመጀመሪያ ክፍል መልሱ ለውጡ እጅግ ትልቅ ነው የሚል ነው፤ አንዲት ጎልማሳ ትንኝ በሕይወቷ ከሚገጥሟት ነገሮች ሁሉ የዘረመል እንቅስቃሴዋን እንደ ደም የሚያናውጠው የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ደሙ ከመምጣቱ በፊት ነው። ትንኟ ከሙሽሬነት (ከእጭ በኋላ ካለው ደረጃ) ከወጣች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ጁቨናይል ሆርሞን የሚባለው ቅመም የስብ አካሏን (ስብ የሚያከማቸውንና ፕሮቲን የሚሠራውን የሰውነቷን ክፍል) እና አንጀቷን ያዘጋጃል። በደንብ በተጠናችው በሌላዋ የትንኝ ዝርያ በኤደስ ኢጂፕቲ እንደታየው፣ ቀዳሚ ትሪፕሲን የሚባለው ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም የሚሠራበት አር ኤን ኤ አስቀድሞ ተቀድቶ በአንጀት ሕዋሳት ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢንዛይሙ ራሱ የሚመረተው ግን ደም ሲገባ ነው። ከዚያ ከሰዓታት በኋላ ዘግይቶ የሚመጣው ትሪፕሲን ዘረመል ሥራ ይጀምርና በ24 ሰዓት ገደማ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። በአኖፊለስ ጋምቢዬም ሰባት የትሪፕሲን ዘረመሎች በአንድ ስፍራ ተደርድረው ሲገኙ፣ አንዳንዶቹ ሁልጊዜ በትንሹ የሚሠሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ደም ሲመጣ ብቻ የሚነቁ ናቸው።

ደሙ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚገጥማት ችግር ሙቀት ነው። የሰው ደም 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ ትንኟ ግን የራሷ የሰውነት ሙቀት መጠበቂያ ስለሌላት ሙቀቷ በአጭር ጊዜ በ10 ዲግሪ ያህል ሊዘል ይችላል። በዚህ ጊዜ ኤች ኤስ ፒ 70 የተባለው ፕሮቲኖችን ከሙቀት ጉዳት የሚጠብቅ ፕሮቲን ዘረመል በአንድ ሰዓት ውስጥ በብርቱ ይነቃል። በኤደስ ኢጂፕቲ ላይ ይህ ዘረመል እንዳይሠራ ሲደረግ ትንኟ የምትጥለው እንቁላል ቀንሷል። ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ሄሞግሎቢን ሲፈጭ የሚለቀቀው ሂም (ብረት ያዘለው የሄሞግሎቢን ክፍል) እና ብረት ነው፤ ሁለቱም በብዛት ሲከማቹ ሕዋስን ይመርዛሉ። ስለዚህ ብረትን አቅፎ የሚይዘው ፌሪቲንና ጎጂ የኦክስጅን ውሕዶችን የሚያመክኑት ኢንዛይሞች ዘረመሎች ይበረታሉ። በአንጀቷ ያሉት ባክቴሪያዎችም በአንድ ቀን ውስጥ በመቶና በሺ እጥፍ ስለሚራቡ የመከላከያ ዘረመሎቿም አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ሦስተኛው ሥራ እንቁላል ነው፤ ደም የምትጠጣውም ለዚሁ ነውና። ደሙ ከገባ በኋላ አንጎሏ ኢንሱሊን መሰል ፔፕታይዶችንና የእንቁላል ማኅደሯን የሚያነቃ ሆርሞን ይለቅቃል። ማኅደሩ ኤክዳይሶን የተባለ ሆርሞን ያመርታል፤ ኤክዳይሶኑ ንቁ ወደሆነው ቅርጹ ተለውጦ የስብ አካሉን ሲያዝዘው የቪቴሎጀኒን ዘረመል ይነቃል። ቪቴሎጀኒን የእንቁላሉ አስኳል ዋና ፕሮቲን ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ገደማ ከፍታው ላይ ደርሶ በ36 እና በ48 ሰዓት መካከል እንቅስቃሴው ይወርዳል። እንቁላሉ ሞቃት በሆነ አካባቢ በሁለትና በሦስት ቀን ይደርሳል። ከጣለች በኋላ እንደገና ደም ፍለጋ ትወጣለች፤ ዑደቱም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አሁን ወደ ብልቃጥዎ እንመለስ። ማለዳ የያዟት ቀይ ሆድ ትንኝ ምናልባት ደም ከጠጣች ጥቂት ሰዓታት የሆናት ናት፤ እንቁላል መታየት የጀመረባት አንድ ቀን ያህል አልፏታል፤ እንቁላል የሞላት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። እነዚህን ሦስቱን ቀላቅሎ የአንድ ዘረመል እንቅስቃሴን አማካይ ማውጣት የአንዷንም ሁኔታ የማይገልጽ ቁጥር ማግኘት ነው። ምርመራው የትንኟን ዝርያ ለመለየት ወይም በዲ ኤን ኤዋ ላይ ያለ ቋሚ ለውጥ ለመፈለግ ከሆነ ግን መቀላቀሉ በዚህ ረገድ አይጎዳም፤ ዲ ኤን ኤው አይለወጥምና።


መምህርት (ደሴ)

የጦሳ ሥር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የዘረመል እንቅስቃሴን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የምጠቀመው ምሳሌ ሁሉ ከባክቴሪያ የተወሰደ ስለነበር፣ በየቤታቸው የሚያውቋትን ነፍሳት ምሳሌ ማድረግ መቻሌ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ተማሪ ቢጠይቀኝ ልመልስለት የምፈልገው ነገር አለ። ዘረመሎቹን የሚያነቃቸው ሆዷ መወጠሩ ነው ወይስ በደሙ ውስጥ ያለው ምግብ? ሁለቱን መለየት የተቻለበት ሙከራ አለ? ደግሞም ሴቷ ከጠገበች በኋላ ሰው መፈለግ ታቆማለች ይባላል፤ ይህስ በዘረመል ደረጃ የሚታይ ነው?


የጦሳ ሥር (ደሴ)

መምህርት፣ ሁለቱን ለመለየት ተመራማሪዎች ትንኞችን ደም በሌለው የጨው ውኃ ሞልተዋቸዋል። ሆዷ በጨው ውኃ የተወጠረች ትንኝ ለጊዜው ሰው መፈለግ ታቆማለች፤ እንቁላል ግን አትሠራም። ስለዚህ መወጠሩ የራሱ መልእክት አለው፤ የእንቁላሉ ሥራ ግን ምግቡን ይጠይቃል። ምግቡ ከሁሉ በላይ አሚኖ አሲድ ነው። የስብ አካሉ ሕዋሳት አሚኖ አሲድ መብዛቱን ቶር በሚባል የሕዋስ ውስጥ የመልእክት መንገድ ያውቃሉ፤ ይህ መንገድ ካልተከፈተ ኤክዳይሶን ብቻውን የቪቴሎጀኒንን ዘረመል በሙሉ ኃይል አያነቃውም። ትንኟ ሆዷ በመሞላቱ ብቻ እንቁላል ብትጀምር በመካከል ሲያልቅባት ሁሉንም ታጣ ነበርና፣ ሁለት ማረጋገጫ መኖሩ ለእርሷ የሕልውና ጉዳይ ነው።

ሰው መፈለጓን ስለማቆሟ፣ አዎን፣ በዘረመል ደረጃ ይታያል። የአኖፊለስ ጋምቢዬ አንቴና ላይ ከሚገኙት ሽታ ተቀባዮች አንዱ ደም ከጠጣች በኋላ ባሉት 12 ሰዓታት እንቅስቃሴው እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ይኸው ተቀባይ በወንዱ ላይ አልተገኘም፤ ወንዱ ደም አይጠጣምና። በኋላም የአንቴናው ዘረመሎች በጅምላ ሲነበቡ፣ ደም ከተጠጣ በኋላ የሽታ ተቀባዮቹ ሚዛን ሰውን ከመፈለግ ወደ እንቁላል መጣያ ስፍራ መፈለግ እንደሚያዘነብል የሚያመለክት ለውጥ ታይቷል። በኤደስ ኢጂፕቲ ደግሞ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ከሚባለው የእንስሳት የምግብ ፍላጎት መልእክት ጋር ዝምድና ያለው አንድ ተቀባይ በጥጋቡ ውስጥ ሚና እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2019 ተረጋግጧል። ለተማሪዎችዎ ይህ ክፍል የሚማርካቸው ይመስለኛል፤ ባሕርይ የሚባለው ነገር ከአንድ የአንቴና ሕዋስ የዘረመል እንቅስቃሴ ጋር ሲያያዝ በግልጽ የሚታይበት ስፍራ ብዙ አይደለም።


ሐረጎ

ሰላም ለሁላችሁ። በጤና ተቋም ወባን የሚከታተል ባለሙያ ነኝ። ውይይቱን በአክብሮት አነበብኩት፤ ነገር ግን አንድ ተቃውሞ አለኝ። እኛ ዘንድ ያለው እጥረት የአጎበር፣ የርጭት፣ ውኃ ያቆሩ ስፍራዎችን የማፋሰስና የመድኃኒት እጥረት ነው። የቪቴሎጀኒን ሰዓት በኮምቦልቻ የሚታመመውን ሰው ቁጥር አይቀንስም። እንዲህ ያለው ዕውቀት ለትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ይጠቅም ይሆናል፤ የመስክ ባለሙያውን ተጨማሪ መዝገብ ማስሞላት ግን ካለበት ሸክም ላይ መጨመር አይሆንም ወይ?


የጦሳ ሥር (ደሴ)

ሐረጎ፣ ተቃውሞዎ የሚገባ ነው፤ እኔም ስለ አጎበሩና ስለ ማፋሰሱ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ነገር ግን ርጭትን ራሱን ስለጠቀሱ ከዚያው ልነሣ።

የዓለም ጤና ድርጅት የፀረ-ተባይ መቋቋም ፈተና የሚሠራው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ዕድሜ ባላቸው፣ ደም ባልጠጡ ሴት ትንኞች ነው። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውጤቱን ከቦታ ቦታና ከዓመት ዓመት ለማነጻጸር ሁሉም ትንኞች በአንድ ሁኔታ ላይ መሆን አለባቸው። አሁን ግን የግድግዳ ርጭት የሚያገኛት ትንኝ የትኛዋ እንደሆነች እናስብ። ርጭት የተነደፈው ሰውን ነክሳ፣ ሆዷ ከብዷት፣ ደሙን ልትፈጭ ግድግዳ ላይ የምታርፈውን ትንኝ ለመግደል ነው። ደም የጠጣችው ትንኝ ማለት ነው። ደም የጠጡ ትንኞች፣ በተለይም ደጋግመው የጠጡት፣ ካልጠጡት ይልቅ ኬሚካሉን የመቋቋም አቅማቸው ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ጥናቶች በአኖፊለስ ጋምቢዬ፣ በአኖፊለስ አረቢየንሲስ እና በአኖፊለስ ፊውኔስተስ ላይ አሉ። አንዱ ምክንያት የሰውነቷ ክብደት መጨመሩ ነው፤ በተመሳሳይ መጠን የሚገባባት ኬሚካል ይሳሳል። ሌላው ምክንያት ግን የዘረመል እንቅስቃሴ ነው። የሂምን መርዝ ለማምከን ከሚነቁት ኢንዛይሞች መካከል ሳይቶክሮም ፒ 450 እና ግሉታታዮን ትራንስፈሬዝ የሚባሉት ቤተሰቦች አባላት ይገኙበታል፤ ፓይረትሮይድና ዲዲቲ የተባሉትን ፀረ-ተባዮች የሚሰባብሩት ኢንዛይሞችም ከእነዚሁ ሁለት ቤተሰቦች የሚወጡ ናቸው።

ስለዚህ በፈተናው ላይ 98 ከመቶና ከዚያ በላይ የሞተች ትንኝ ኬሚካሉ ይገድላታል ተብላ ስትመዘገብ፣ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ባዶ ሆዷ ነው። በግድግዳው ላይ ያለችው ሌላ ሁኔታ ላይ ናት። ይህን የምለው ፈተናው ይቀየር ለማለት አይደለም። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ወባው ካልቀነሰ፣ ኬሚካሉ ጥራት የለውም ወይም ረጪው በአግባቡ አልረጨም ብሎ ከመደምደም በፊት ደም የጠጡትን ለብቻቸው መፈተሽ አንዱ መንገድ መሆኑን ለማሳየት ነው። ይህ ደግሞ ለኮምቦልቻም ለሐርቡም ለከሚሴም የሚጠቅም ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።


ሐረጎ

ይህን ከዚህ አንጻር አይቼው አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ከእኔ ሙያ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበውን ልጠይቅ። የወባ ጥገኛ ተሕዋሱስ ከዚህ ሁሉ ለውጥ ጋር እንዴት ይኖራል? ትንኟ ደሙን ስትፈጭ እርሱንም አብራ ለምን አትፈጨውም?


የጦሳ ሥር (ደሴ)

አብዛኛውን ትፈጨዋለች። ከደሙ ጋር ከገቡት የፕላዝሞዲየም (የወባ ተሕዋስ) የወንድና የሴት ሕዋሳት ተገናኝተው ተንቀሳቃሹን ኦኪኒት የሚሠሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ከእነዚያም የአንጀቱን ግድግዳ አልፈው ኦኦሲስት (በአንጀቱ ግድግዳ ላይ የሚያድግ ከረጢት) የሚሆኑት በጣም ጥቂት ናቸው፤ በተፈጥሮ በተያዙ ትንኞች ላይ ብዙ ጊዜ ከአምስት አይበልጡም። በወባ ሕይወት ውስጥ ተሕዋሱ ቁጥሩ እጅግ የሚያንስበት ስፍራ ይህ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን እዚያ ላይ የጣሉትም ለዚህ ነው።

ኦኪኒቱ አንጀቱን የሚያልፈው ደሙ ከገባ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ገደማ ነው። ከላይ የጻፍኩትን ሰዓት ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ትሪፕሲኑ ከፍታው ላይ የሚደርሰው በዚያው ጊዜ ነው። በደሙና በአንጀቱ ሕዋሳት መካከል ከካይቲንና ከፕሮቲን የሚሠራው ሽፋንም በዚያው ሰዓት ጠንክሯል፤ ኦኪኒቱ የሚያልፈው ካይቲኔዝ የተባለ ኢንዛይም አመንጭቶ እየበሳው ነው። ካለፈ በኋላ ደግሞ በትንኟ ደም ውስጥ ያለው ቴፕ 1 የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን ይጠብቀዋል፤ ተጣብቆበት እንዲሟሟ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ልብ የሚነካው ግኝት የሚመጣው ከእንቁላሉ ነው። ለእንቁላሉ ምግብ የሚያመላልሱት ቪቴሎጀኒንና ሊፖፎሪን ሲቀነሱ ቴፕ 1 ኦኪኒቶቹን የመግደል ብቃቱ እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2010 ታይቷል። ይህም ማለት ትንኟ እንቁላሏን ለመመገብ የምትነቃቃባቸው ዘረመሎች ሳታስበው ተሕዋሱን ከራሷ መከላከያ ይከልሉታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ እንቁላሉ በሚገባ ሳያድግ ሲቀር በትንኟ ሰውነት ውስጥ የሚቀረውን ስብ ተሕዋሱ እንደሚጠቀምበትና እድገቱ እንደሚፋጠን ተገኝቷል። ሁለቱ ግኝቶች አብረው ሲነበቡ እንቁላሉን ማሰናከል ብቻውን መልካም ውጤት እንደማያመጣ ያስገነዝባሉ፤ የተሕዋሱ ቁጥር ሊቀንስ፣ የቀረው ግን ሊፈጥን ይችላልና።

ለእርስዎ ሥራ ቅርብ የሆነው ይኼኛው ነው። አንዴ የተያዘች ትንኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳግመኛ ደም ብትጠጣ ኦኦሲስቱ በፍጥነት ያድጋል፤ ተሕዋሱ ወደ ምራቅ ዕጢዋ የሚደርስበት ጊዜም በሁለት ቀን ያህል እንደሚያጥር እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ይህ ጊዜ በተለምዶ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው ይባላል፤ አብዛኞቹ ትንኞች ግን ያን ያህል አይኖሩም። ስለዚህ የሁለት ቀን ማጠር በሽታውን ለማስተላለፍ የምትበቃውን ትንኝ ቁጥር በብዙ ይጨምራል። ሰውን ዳግመኛ እንዳትነክስ መከልከል፣ ማለትም አጎበር በየሌሊቱ ሳይቋረጥ መዘርጋቱ፣ በዚህ በኩልም ዋጋ አለው።


ባቲ ሰኞ

ከባቲ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ለሥራ እመላለሳለሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው አዲሷ ትንኝ ባቲ ውስጥም መገኘቷ በጥናት ከተመዘገበ ዓመታት አልፈዋል። ይህች ትንኝ እንደ አኖፊለስ አረቢየንሲስ በዝናብ ኩሬ ብቻ ሳይሆን በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ስፍራ በሚጠራቀም ውኃ ስለምትራባ፣ እንደ ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካና ግንባታ የሚበዛበት ከተማ ያሳስበኛል። የሰውን ብቻ ሳይሆን የከብትና የፍየል ደምም ትጠጣለች ይባላል። የጠጣችው ደም የማን እንደሆነ ይህን የዘረመል እንቅስቃሴ ይለውጠዋል?


የጦሳ ሥር (ደሴ)

ስጋትዎ ትክክለኛ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ነበር፤ በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተያዘች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በዝናብ ወቅት ሳይሆን በደረቁ ወራት ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላት ተረጋግጧል።

የደሙ ባለቤት ለውጥ ያመጣል። ከላይ እንደጻፍኩት የእንቁላሉን ሥራ የሚያስጀምረው የአሚኖ አሲድ መጠን ነው፤ የአሚኖ አሲዶቹ ሚዛንም ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል። ለምሳሌ የሰው ደም ኢሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ በኤደስ ኢጂፕቲ ላይ ይህ ጉድለት የእንቁላሉን ቁጥር የሚወስን ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በአንድ በረት የተያዘችና በአንድ መኝታ ቤት የተያዘች ሁለት ትንኞች፣ ሁለቱም ደም ከጠጡ እኩል ሰዓት ቢሆናቸውም፣ የዘረመል እንቅስቃሴያቸው በሁሉም ነገር እኩል ይሆናል ብሎ መነሣት አይገባም። የተጠጣው ደም የማን እንደሆነ ከዚያችው ናሙና ሊመረመር ስለሚችል፣ የተያዘችበትን ስፍራ ከመጻፍ ጋር ይህንም ማሠራት ይመከራል።


መምህርት (ደሴ)

በዜና ስለ ዘረመል ምሕንድስና ትንኞች ይነገራል። ከዚህ ከደም ጋር የሚነቃ ዘረመል ጋር ግንኙነት አለው? ወላጆች ሲጠይቁኝ ፍርሃትም ተስፋም ስለሚሰማኝ፣ የተሠራውን ካልተሠራው ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ።


የጦሳ ሥር (ደሴ)

ግንኙነቱ የቀጥታ ነው። ማንኛውም ዘረመል መቼና በየትኛው የሰውነት ክፍል እንዲሠራ የሚያዝዝ የዲ ኤን ኤ ክፍል ከፊቱ አለው። ደም ሲመጣ በአንጀት ብቻ የሚነቃውን የካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኢንዛይም ማዘዣ ወስዶ ከፊት በማድረግ፣ ከኋላው ተሕዋሱን የሚገታ ፔፕታይድ ቢተከል፣ መድኃኒቱ የሚመረተው ተሕዋሱ በሚገባበት ሰዓትና ስፍራ ብቻ ይሆናል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2002 በአኖፊለስ ስቴፈንሲ ላይ ተሠርቶ የአይጥ ወባ የማስተላለፍ አቅሟን በእጅጉ ቀንሶታል። ከዚያ ወዲህም በስብ አካል የሚነቃውን የቪቴሎጀኒን ማዘዣ ጨምሮ በዚሁ መንገድ ብዙ ተሞክሯል። ያማረ ሐሳብ ነው፤ ትንኟ ቀሪ ሕይወቷን ያለ ተጨማሪ ሸክም ስለምትኖር ባሕርይው በዘሯ የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል።

እስካሁን ግን ይህ በቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቡርኪና ፋሶ የተለቀቁት መካን ወንዶች፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በጅቡቲ መለቀቅ የጀመሩት የአኖፊለስ ስቴፈንሲ ወንዶችም ከዚህ የተለዩ ናቸው። የጅቡቲዎቹ የሚሸከሙት ዘረመል ሴት ልጆቻቸው ለአካለ መጠን ሳይደርሱ እንዲሞቱ የሚያደርግ ነው፤ ወንዶቹም አይነክሱም። ለወላጆች ሲያስረዱ ሦስቱን መለየት ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፤ በአንድ ስም ሲጠሩ ፍርሃቱም ተስፋውም ከልኩ ያልፋል።


የቃሉ ሰው (ኮምቦልቻ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከተባለው ተነሥቼ ከሚቀጥለው አሰባሰብ ጀምሮ የሆድ ሁኔታን በአራት ከፍዬ፣ የተያዘችበትን ሰዓትና ስፍራ ጽፌ፣ እያንዳንዱን ክፍል በተለየ ብልቃጥ ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው፣ የሆዷን መልክ አይቼ ደም ከጠጣች ስንት ሰዓት እንደሆናት መገመት እችላለሁ? ሁለተኛው፣ ናሙናውን እስከ ዛሬ የምናስቀምጠው በሲሊካ ጄል አድርቀን ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ይበቃል?


የጦሳ ሥር (ደሴ)

በመጀመሪያው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የደም መፈጨት በአየሩ ሙቀት ይወሰናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባቲ ከዚያ ዝቅ ትላለች፤ እኛ ደሴዎች ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ነን። ባቲ ላይ በሁለት ቀን የሚያልቀው መፈጨት ኮምቦልቻ ላይ በኅዳር ብርድ ይዘገያል። ስለዚህ ከፊሉ የጠቆረ ሆድ በሁለቱ ስፍራዎች አንድ ሰዓት አያመለክትም። የሆዱን መልክ እንደ ደረጃ ይመዝግቡት እንጂ ወደ ሰዓት አይለውጡት፤ ከጎኑ የቤቱን ውስጥ የማለዳ ሙቀት ይጻፉ። ትክክለኛ ሰዓት የግድ ከሆነ እጭ ሰብስቦ በማሳደግ፣ የወጡትን ሴቶች በታወቀ ሰዓት ደም መመገብና በየተወሰነ ሰዓት መሰብሰብ ነው መንገዱ።

ሲሊካ ጄል ለዲ ኤን ኤ መልካም ነው፤ ለአር ኤን ኤ ግን አይበቃም። አር ኤን ኤ ትንኟ ከሞተችበት ደቂቃ ጀምሮ መሰባበር ይጀምራል፤ ደግሞም በመምጠጫው ውስጥ ለብዙ ሰዓት ስትጨነቅ ብትቆይ የጭንቀት ዘረመሎቿ ይነቁና ከደሙ ውጤት ጋር ይቀላቀላሉ። በሕይወት እያለች በብርድ አደንዝዘው፣ ሆዷን አይተው፣ ወዲያውኑ አር ኤን ኤን በሚጠብቀው ፈሳሽ ውስጥ ይንከሯት፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ትንኟን በመርፌ ከፈት ማድረግ ይረዳል። ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ያሳድሯትና በማግሥቱ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ያሻግሯት፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 80 ይሻላል። ፈሳሹ ውድ ስለሆነ ለሁሉም ትንኝ አያባክኑት፤ ከየደረጃው ለዘረመል እንቅስቃሴ የሚሆኑትን ብቻ በእርሱ አድርገው የቀሩትን እንደ ቀድሞው በሲሊካ ያድርቋቸው።


የቃሉ ሰው (ኮምቦልቻ)

ግልጽ ነው። ፈሳሹን የምናገኝበትን መንገድ ከባልደረቦቼ ጋር እነጋገራለሁ፤ የማለዳውን ሙቀት መጻፍ ግን ከነገው አሰባሰብ እንጀምራለን። ሐረጎ፣ ከርጭት በፊትና በኋላ የሚደረገውን ፈተና ደም በጠጡትም ላይ ለብቻ ለመሥራት ብናስብ ከእናንተ ተቋም የሚተባበር ሰው ይኖራል?


ሐረጎ

አለ። እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ የርጭቱን መርሐ ግብር እንዳወቅሁ እዚሁ እጽፍልዎታለሁ።